ወረፋው የማያልቅ ሰርቨር

ስሙ እንግዲህ፣ ስሙ! ፈሪ የሆነ ሰው ከአሁኑ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ። ኋላ በጨለማ ስትደናበሩ የማንን እጅ እንደምትይዙ አይታወቅም።

በአንዲት ከተማ፣ ስሟን አልነግራችሁም፣ ዘመድ ያለው አይጠፋም፣ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለም። የሆስፒታሉን ኢሜይል የሚያመላልሰውን ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉትን፣ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰርቨሩ የት ነበር የተቀመጠው? ገምቱ እስቲ! ከሬሳ ክፍሉ ጎን። ማሽኑ ሙቀት አይወድም፤ በግቢው ውስጥ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ደግሞ እዚያ ብቻ ነው። ይርዳው ስንት ጊዜ አቤት አለ! "ምን አስቸገረህ፣ ጎረቤቶችህ አይረብሹ" እያሉ ሳቁበት።

ሰዓቱ አሥራ ሁለት አልፏል። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ጨረቃ አልወጣችም። ወደዚያ ክፍል የሚወስደው በባሕር ዛፉ መካከል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ማን ይሄዳል? ሬሳ የሚሸኝ ሰው፣ አለበለዚያ ይርዳው። ያን ዕለት ይርዳው ብቻውን ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል። እንዲያውም ይሮጣል። ምን ያስሮጠዋል? ሚስቱ ጥሩዓለም ታማ ቤት ተኝታለች። ልቧ ነው። ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሟ "ይህ ከኛ አቅም በላይ ነው" ብላ ወደ ዋናው ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጽፋላታለች። ሪፈሩ በኢሜይል ዛሬ ማታ ካልደረሰ እዚያ የተገኘው አልጋ ለሌላ ይሰጣል።

"ታዲያ ለምን አይደውልም?" አላችሁ? ደውሏል እንጂ! "በኢሜይል ያልመጣ በሽተኛ አንቀበልም" አሉት። "ተልኳል እኮ!" ቢላቸው "እኛ ጋ አልደረሰም" አሉና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉት። ደሙ ፈላ። ማንን ይመታል? ስልኩን ኪሱ ከተተና ሮጠ።

ኢሜይሉ ወረፋ ላይ ነበር። የዚያች ከተማ ኔትወርክ ሲመጣ ይንጠባጠባል፣ ሲሄድ ደግሞ ሄደ ነው። ያልሄደ መልእክት ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ጥቂት ቀን ከቆየ ሰርቨሩ ይሰለቸውና "አልቻልኩም" ብሎ ለላኪው ይመልሰዋል። በየገጠሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎችም ሪፈር የሚልኩት በዚሁ ሰርቨር ነበር። ተመልሶ የመጣላቸውን መቼ ያዩታል? አንዳንዱ ጤና ጣቢያ መብራት የሚያየው በሳምንት አንዴ ነው።

አሁን የይርዳውን ጥፋት ልንገራችሁ። በዚያ ሆስፒታል ተራ መጠበቅ የሞኝ ሥራ ነበር። የቸኮለ ሰው መጥቶ የይርዳውን በር ያንኳኳል። "ይርዴ፣ የአክስቴ ልጅ ናት፣ አስቀድምልኝ።" "ይርዳው ወንድሜ፣ የአለቃችን አማት ናቸው እኮ።" ይርዳው ይነጫነጫል፣ ይራገማል፣ ግን ያስቀድማል። ምን ያድርግ? ነገ ከነሱ ጋር ምሳ ይበላል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ከገጠር የላከው ግን የይርዳውን በር በምን እጁ ያንኳኳ? የሱ መልእክት ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ይርዳው በሩን ከፈተ። ስክሪኑን አበራ። ወረፋውን አየ። የጥሩዓለም ሪፈር የት ነው? ከሁሉ በታች! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። "ይቺን አስቀድም" ብሎ ሰርቨሩን አዘዘው። ወደ ላይ ወጣች። እፎይ አለ። ወረፋውን እንደገና ቢያየው ከሁሉ በታች ናት። እንደገና አዘዘ። ወጣች። አየ። ወርዳለች። "ኧረ በሕግ!" ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ ያለውን አስተዋለ። ከአንድ ጤና ጣቢያ የመጣ ነው። የበሽተኛዋ ስም ማንጠግቦሽ። የተላከው መቼ ነው? ባለፈው ክረምት! እንዲህ የቆየ መልእክት ወረፋ ላይ ሊኖር አይችልም። "አንተ ነህ መንገዱን የዘጋኸው!" አለና አጠፋው።

ከኋላው አንድ ሰው ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ።

ይርዳው ዞር አላለም። ስንቱ ነው እንዲህ ከኋላው እየመጣ የሚቆም! በዓይኑ ጥግ የጋቢ ጫፍና ዱላ ታየው።

"አባቴ፣ ዛሬ አልችልም። ነገ ይምጡ" አለ።

"ቆይቻለሁ ልጄ" አለ ድምፁ። "ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ።"

ወረፋውን አየ። ማንጠግቦሽ ተመልሳለች። ከሥሯ ደግሞ ሌላ የማያውቀው ስም። ሁለቱንም አጠፋ። ከኋላው የሸበጥ ድምፅ ሰማ፣ ቸፍ፣ ቸፍ። ወረፋውን አየ። አሁን ስሞቹ አያልቁም። ያጠፋል፣ ይመጣሉ። ያጠፋል፣ ይበዛሉ። ክፍሉ እየጠበበው ሄደ። አንድ ሕፃን አለቀሰና ዝም አለ።

"ምን ዓይነት ጣጣ ነው!" ብሎ ጮኸ ይርዳው። "አንዴ ውጡልኝ! አንድ መልእክት ብቻ ነው የምልከው!" ብሎ ዞረ።

ምን አየ? ሰልፍ። ከፊቱ ጀምሮ በበሩ ወጥቶ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እስከ ጨለማው የሚሄድ ሰልፍ። ጋቢ የለበሰ፣ ልጅ ያዘለች፣ በቃሬዛ የተኛ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል ብያችኋለሁ፤ የይርዳው ትንፋሽ ይጨሳል። የነሱ አይጨስም።

ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጀርባው ከጠረጴዛው ተጋጨ። ግን ሚስቱን አሰበ። "አባቴ" አለ፣ "በእግዜር ይዤዎታለሁ። የሚስቴን ብቻ ላስቀድም።"

ሽማግሌው አየውና "እኔም የሚስቴን ብቻ ነበር" አለ። "ማንጠግቦሽ ትባላለች። አንዴ በቃሬዛ አምጥተናት ነበር፤ መልስ ካልመጣ አልጋ የለም አሉንና መለስናት። እሷን ከቀበርኩ በኋላ እኔም ብዙ አልቆየሁ።"

ይርዳው ምን ይመልስ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እያለቀሰ ወደ ኪቦርዱ ዞረ። ማንጠግቦሽን ላከ። ኔትወርኩ ያን ቀን ለጉድ ነው የሠራው! ሁለተኛውን ላከ። ሦስተኛውን ላከ። እንደ ተራቸው፣ አንድም ሳይዘል። መጨረሻ ላይ የጥሩዓለም ሄደች። ወረፋውን አየ። ባዶ ነው። በዚያ ሰርቨር ዕድሜ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ወዲያው ከዋናው ከተማ መልስ ይጎርፍ ጀመር። "ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ አልጋ ተይዟል።" ቀጥሎ ሌላ። "አልጋ ተይዟል።" "አልጋ ተይዟል።" "አልጋ ተይዟል።" ለሁሉም! በሕይወት ሳሉ ያላገኙት አልጋ ለሁሉም ተገኘ። ይርዳው ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ ጠበቀ። የመጨረሻው መጣ።

"ለወይዘሮ ጥሩዓለም፤ አልጋ ሞልቷል።"

ይርዳው እንደ እብድ ብድግ አለ። "የሞላው በማን ነው? በሙታን ነው እኮ!" እያለ ወንበሩን ገለበጠ። የሚሰማው ማን ነው? ወደ ቤቱ ሊሮጥ፣ ሚስቱን አዝሎም ቢሆን በሌሊት ዋናው ከተማ ሊያደርሳት ወደ በሩ ተወረወረ። ሽማግሌውን በትከሻው ገፋ። ባለ ልጇን ገፋ። ባለ ቃሬዛውን ገፋ። እንደ ውኃ ይቀዘቅዛሉ። እየገፋ፣ እየገፋ ከባሕር ዛፉ መካከል ደረሰ። ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እሷንም ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ ቀስ ብላ ዞረች። የቆመችው በባዶ እግሯ ነው። ትንፋሽም አላጠራት።

"ተው ይርዳው፣ ሰው አትግፋ" አለችው ጥሩዓለም።