የቀየረችው ተራ

መጀመሪያ የተያዩት ተኮሳትረው ነው። እሷ የፓርኩ ጥበቃ ክፍል ጸሐፊ ናት፤ የተረኛ ጠባቂዎችን ዝርዝር የምታወጣውም፣ ጠዋት ጠዋት ከኬላዎቹ የሚመጣውን የሬዲዮ ሪፖርት የምትመዘግበውም እሷ ነበረች። እሱ ደግሞ አዲስ ጠባቂ። የሥራ ጫማ ፍለጋ ንብረት ክፍል ቢሄድ ደብዳቤ አምጣ፣ አስተዳደር ቢሄድ አለቃህ ይፈርም እያሉ ሲያንከራትቱት ዋሉና፣ ተወልውሎ ያልደረቀ ወለሏን በጭቃ እግሩ ረግጦ ገባ።

«ቆይ እንጂ! ወለሉን አታይም?»

«እህቴ፣ ጫማ ብትሰጡኝ እኮ አውልቄ እገባ ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። ደብዳቤውን እዚያው ጻፈችለት። ከዚያ ወዲያ እሱ ቢሮዋ ብቅ የሚልበት ሰበብ አጥቶ አያውቅም፤ በዓመቱም ሊጋቡ ተስማሙ። የቀረው እናቷ ፊት መቅረብ ብቻ ነበር፤ እናትየዋም «እሁድ ይምጣና ልየው» አሉ።

ዝርዝሩን ስታይ ግን እሁድ ሩቁ ኬላ ተረኛው እሱ ነው። ኬላው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ወሩም ሣሩ ደርቆ እሳት የሚፈራበት። መቼም ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ እሱን ከሰዓት ነፃ የሚሆንበት ዋናው በር ላይ መደበችና፣ በቦታው ሎጋው የሚሉትን ጓደኛውን አስገባች። ኃላፊው ሳያነብ ፈረመ።

እሁድ እናቷ ቤት ሲሳቅ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሩቁ ኬላ ሬዲዮ አልመለሰም። ሦስቴ ጠራች። ሎጋው ሌሊት የተነሣ ሰደድ እሳት ለማቆም ሣር ሲመነጥር፣ ነፋሱ ዞሮበት እሳቱ በልቶት ኖሯል። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

በቀብሩ ማግስት እጮኛዋ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

«ተራው የኔ ነበር» አላት። «ኃላፊው ነው የቀየረው?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ፊርማው የኃላፊው ነው፤ የሚጠይቅም የለ፤ ሠርጉም ወር ቀርቶታል። ግን ይህን ውሸት ታቅፋ አጠገቡ መኖር አልቻለችም።

«እኔ ነኝ። እሁድ እንድትመጣልኝ ብዬ... እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

«ሚስቱ ለቅሶው ላይ ምን አለችኝ መሰለሽ? "እንኳን አንተ ተረፍክልን።"» ቀና ብሎ አያት። «መጥላትስ አልጠላሽም። ሳይሽ ግን የሚሰማኝ የሷ ድምፅ ነው። ሩቁ ኬላ ጻፊኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

እያለቀሰች ጻፈችው። ከዚያ ያጠፋችውን ሁሉ በደብዳቤ ለኃላፊው አስገባች። ዝርዝር ማውጣቱን ቀሟት፤ ሬዲዮው ግን ቀረላት።

ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። አልተጋቡም፤ ሌላም አላገቡ። በሬዲዮ ከሪፖርት ሌላ ማውራት ክልክል ስለሆነ አውርተውም አያውቁም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኬላዎቹን በየተራ ትጠራለች፤ የሱን መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች።

«ሩቁ ኬላ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል። ደህና ነው።»

ሁለተኛ አስጠርቷት አያውቅም።