ያላደረ ውሃ

«ውሃው አድሯል?» አለ አባቷ ከሶፋው።

ቱቦው አፏ ውስጥ ስለነበር ወዲያው አልመለሰችም። አንዴ ሳብ አድርጋ ውሃው መውረድ ሲጀምር ጫፉን ባዶው ባልዲ ውስጥ ከተተችና አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። ሁልጊዜም ከዓሦቹ ገንዳ፣ ከአኳሪየሙ፣ ውሃ ትንሽ ይደርሳታል። ቅዳሜ ማለት ለእሷ ይህ ጣዕም ነው።

«አድሯል» አለች።

አላደረም ነበር።

የቧንቧ ውሃ ዓሣ የሚጎዳ ክሎሪን አለበት። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ባልዲ ሞልታ ኮሪደሩ ላይ ክፍቱን ታስቀምጠዋለች፤ ሁለት ሌሊት አድሮ ክሎሪኑ ሲወጣለት ቅዳሜ አኳሪየሙ ውስጥ ይገለበጣል። በዚህ ሳምንት ግን ሐሙስ ማታ እራት አቅርባ፣ ሳህን አጥባ፣ የአባቷን መድኃኒት ሰጥታ «እስቲ ትንሽ ላንብብ» ብላ እንደተቀመጠች፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ኬሚስትሪ ደብተሯ ላይ ተደፍታ እንደተኛች ነጋ። ባልዲው ትዝ ያላት ዛሬ ጠዋት ነው። ሰኞ ፈተና አለ። ልብስ አልታጠበም። ዓሦቹ ለአንድ ቀን ምን ይሆናሉ ብላ ከቧንቧው ቀጥታ ቀዳች።

አባቷ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ዘይትና ፍሬን ሳያይ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ይህንንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተኝቶ ይጠይቃል። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ አምስት ወሩ ነው። ሐኪሙ «ተኛ፣ ምንም አታንሳ» ብሎታል። እናቷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። ቤቱ ለልጅቱ ቀረ። በልጅነቷ ወሬዋ አላቋርጥ ብሎ «ሞተሬ» ብሎ የሰየማት አባቷ ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አብሯት አለ፣ ሞተሩ ግን ሰሞኑን ድምፅ የለውም።

አኳሪየሙን ያመጣው ራሱ ነው፤ አውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ አስሮ። አሁን ከሶፋው ትይዩ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ያየዋል። ሰማያዊ መስመር ያላቸውን ትናንሾቹን ኒዮኖች፣ በመንጋ ስለሚሄዱ «ተማሪዎቹ» ይላቸዋል። ታች አሸዋ ሲቆፍሩ የሚውሉት «ጠራጊዎቹ» ናቸው። ከሁሉም የሚወደው ግን ሁለቱን አንጀልፊሾች ነው፤ ከጎን ሲያዩአቸው ሰፋፊ፣ ከፊት ሲያዩአቸው እንደ ወረቀት የቀጠኑ፣ ረጅም ክንፋቸውን እየጎተቱ ቀስ ብለው የሚሄዱትን። «ባልየው» እና «ሚስትየው» ብሎ ጠርቷቸዋል።

ትናንት ዓርብ ደግሞ ጉድ ተፈጠረ። ሰፊው ቅጠል ላይ እንቁላል ጣሉ፤ ከመቶ የሚበልጥ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል። አባቷ ሲጠብቅ ውሎ ለእናቷ ሥራ ቦታ ደወለ።

«ወለዱልሽ!»

«ገና ሳይፈለፈል? እሱማ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አለችው እናቷ። አባቷ ሳቀ። ሞተሬ ሳቁን ከሰማች ብዙ ወር ሆኗት ስለነበር ማጠቢያው ጋ ቆማ እስኪያልቅ አዳመጠች።

እንግዲህ ዛሬ ያንን ውሃ የገለበጠችው በዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩ። ከዚያ ተረጋጉ። እሷም ተረጋጋች።

እሑድ ጠዋት የአባቷ ድምፅ ቀሰቀሳት። እንቁላሎቹ ነጥተዋል፤ ቡናማው ቀለማቸው ጠፍቶ የጨው ቅንጣት መስለዋል። ባልየው ደግሞ ቅጠሉ ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል።

«በላቸው» አለ አባቷ። «በዓይኔ በብረቱ አየሁት። የገዛ ልጆቹን!»

ሞተሬ ነጩን አየች፣ ባልዲውን አሰበች። እናቷ ዘወትር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትላለች፤ ይህን ስትል የምታወራው ስለ ጫማ ማሰሪያ ይመስላት ነበር። አሁን መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፣ እንደ ተማሪዎቹ መልሳ ዘጋችው።

እስከ ቀትር ቅጠሉ ባዶ ሆነ። አባቷ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ደወለ፤ ሰፈሩ «ባለባልዲው» የሚለው፣ ዓሣ በባልዲ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ነው። «ማክሰኞ መጥተህ ወንዱን ውሰድልኝ» አለው። ስልኩን ዘግቶ ወደ ልጁ ዞረና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ለአንድ ቤት አንድ የማይረባ አባት ይበቃዋል» አለ።

ቀልድ መሆኑ ነው። ሞተሬ አልሳቀችም። ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠበች።

የሰኞ ፈተና ሦስተኛ ጥያቄ ስለ ክሎሪን ነበር። በትክክል መለሰችው፤ ደስ ግን አላላትም። ከትምህርት ቤት ሲወጡ «መነጽር» የሚሏት ጓደኛዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን ሆነሻል? ፈተናው ሸወደሽ እንዴ?»

ሞተሬ ሁሉንም ነገረቻት። መነጽር እስክትጨርስ ጠበቀች።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ። ዓሣው አይከስሽ! ሆድ ይፍጀው በይና ዝም። ነገ ሲወስደው ያልቃል።»

«አባዬ እኮ ዓሣውን አይደለም የሚሰድበው።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ራሱን» አለች ሞተሬ። ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሁለቱን ባልዲዎች መሙላት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ባለባልዲው መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ አኳሪየሙን ለማየት ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ይንቋቋል።

«ይህ ቆንጆ ወንድ ነው» አለ። «ለምን ትሰጠዋለህ?»

«እንቁላሉን በላ።»

«ነጭ ነበር ሲበላው?»

«ነጭ ነበር።»

«ነጩማ የሞተው ነው። እሱን ለቅሞ የሚበላው ሌላው እንዳይበላሽበት ነው፤ አባት ነዋ!» ባለባልዲው አገጩን አከከ። «ሁሉም በአንዴ ከነጣ ግን ነገር አለ። በዚያ ሰሞን ውሃ ቀይራችሁ ነበር?»

ሞተሬ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«ቅዳሜ» አለ አባቷ። «በእሱ በኩል አትጠራጠር። የምትቀይረው ልጄ ናት። ያላደረ ውሃ እዚህ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

ይህን ያለው፣ ሃያ ዓመት ሲነዳ ሰው ገጭቶ እንደማያውቅ ለእንግዳ በሚያወራበት ድምፅ ነው። አምስት ወር ሙሉ ያንን ድምፅ አልተጠቀመበትም ነበር።

«እንግዲያው ከእሱ ነው» አለ ባለባልዲው። «አንዳንዱ አይሆንለትም።» ዓሣ የሚይዝበትን ላስቲክ በውሃ ሞላና መረቡን አኳሪየሙ ውስጥ ከተተ። ሚስትየው ሮጣ ውሃ ማጣሪያው ኋላ ተደበቀች። ባልየው አልሮጠም። ባዶው ቅጠል ፊት ቆሞ፣ ምንም የሌለበትን ቅጠል በክንፉ ያራግባል።

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሞተሬ ከመረቡ ይልቅ ጀርባውን አየች። ዝም ብትል በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ መነጽር ትክክል ናት። ግን ዝም ማለትም ሥራ ነው። ከእሑድ ወዲህ ከልብሱም ከፈተናውም በላይ ያደከማት እሱ ነው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥርም ሊኖር ነው። ይህን አንዱን ሸክም ብቻ ማውረድ ትችላለች።

«ጋሼ፣ መረቡን ያውጡት።»

ባለባልዲው ዞር አለ።

«አባዬ» አለች። «የቅዳሜው ውሃ አላደረም። ሐሙስ መሙላት ረስቼ፣ ከቧንቧው ቀጥታ ነው የገለበጥኩት።»

ከመረቡ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ባለባልዲው አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅቱን አየ። ከዚያ ላስቲኩን ባልዲው ውስጥ ደፋ፣ «ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ» አለና በሩን ክፍት ትቶ ቀስ ብሎ ወጣ።

አባቷ አሁንም ግድግዳውን እንዳየ ነው።

«አድሯል ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«እሱን ስረግመው እየሰማሽ።»

«እየሰማሁ።»

ሌላ ምክንያት ልትጨምር ነበር፤ ድካሙን፣ ፈተናውን፣ ልብሱን። ሁሉም እውነት ነው። ግን አልጨመረችም። አባቷ መዞር ጀመረ። መዞር ለእሱ ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ክንዱ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ በመጨረሻ ወገቡ። ሲያግዙት ስለማይወድ ቆማ ጠበቀችው። ዞሮ ሲያበቃ እሷን አላያትም። ባልየውን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። ሚስትየው ከማጣሪያው ኋላ ወጥታ አጠገቡ መጥታ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለው ዓሣውን ቀስ ብሎ። «ይቅርታ።»

ሞተሬ እንባዋ መጣ። ወለሉን ለመጥረግ ጨርቅ አምጥታ ተንበረከከች።

ጥቂት ቆይቶ አባቷ በተከፈተው በር ወደ ኮሪደሩ አሻግሮ ተመለከተ። ሁለቱ ባልዲዎች እዚያ አሉ፤ ክፍት ናቸው።

«ያኛውስ?» አለ። «አድሯል?»

እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። አሁን ዓይን ዓይኗን እያያት ነበር።

«ገና ነው» አለችው። «አንድ ሌሊት ይቀረዋል።»