ማይክሮፎኑን ያወረደው ሰው

ሚስ ኦፓል የክለቧን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የጫማ ሶል ነው። ሌስተር ቦይኪን መድረኩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። ቀዩ ጊታር ደረቱ ላይ ተጋድሟል፤ ግራ እጁ የጊታሩን አንገት እንደጨበጠ ቀርቷል። የማይክሮፎኑ ዘንግ አጠገቡ ተጋድሟል፤ የቀኝ መዳፉን ያቃጠለው ብረት እሱ ነው። ከጥግ ላይ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ብቻውን ያጉረመርማል። ሚስ ኦፓል መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለች፤ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳጅን ሆዜያ ፕሩት ሲደርስ ፖሊሶቹ ጉዳዩን ጨርሰውት ነበር። ማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተበይዷል፤ ጊታሩን ይዞ ማይክሮፎኑን የነካ ሰው እንዲሞት ተደርጎ። የክለቡን ዕቃ የሚጠግነው ፒያኒስቱ ሉተር ፔቲስ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሉተር ነው። በካቴና ታስሮ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

የመቶ አለቃው በስልክ «ሙዚቀኛ ሙዚቀኛን ገደለ፤ ይሄ ምን ምርመራ ይፈልጋል? ዛሬውኑ ዝጋው» አለ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ፕሩት። በቺካጎ ፖሊስ ውስጥ ካሉት ጥቂት ጥቁር መርማሪዎች አንዱ ስለነበር እሺ ማለትን ለምዶታል፤ እሺ ብሎ ወደ ሥራው መመለስንም እንዲሁ። ማንም ከክለቡ እንዳይወጣ፣ ማንም ስልክ እንዳይነካ አዘዘና መድረኩ ላይ ተንበረከከ።

የማይክሮፎኑን ዘንግ አቁሞ አየው። ቁመቱ ከአገጩ በታች ነው። የጊታሩን ክሮች በአውራ ጣቱ መታቸው፤ ከተለመደው ቅኝት ወርደው የተቃኙ ናቸው። አባቱ ሚሲሲፒ እያሉ፣ ሃይማኖት ይዘው ዘፈን ሳይተዉ በፊት፣ እንዲህ አድርገው ይቃኙ ነበር። ከዚያ ማጉያውን ከፍቶ አዲሱን ብየዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እንደ ጤዛ ጠብታ የጠራ፣ የሚያምር ብየዳ ነው።

«ሌስተርን መቼ አወቁት?» ሲል ሚስ ኦፓልን ጠየቃት።

«ከደቡብ የመጣ ሰሞን ነዋ! እዚያ ሳፋ ገልብጦ፣ እንጨት አቁሞ፣ ገመድ ወጥሮ ነው ቤዝ የተማረው። እዚህ ሲመጣ ደግሞ ቁም ሳጥን የሚያህለውን ቤዝ በአውቶቡስ ይዞ ይዞር ነበር። ሹፌሩ ‹ለሚስትህም ትኬት ቁረጥላት እንጂ!› ይለው ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። «ከዚያ የኤሌክትሪኩ ቤዝ መጣ። ያለ እሱ ባንድ የለም። ዘፈኑን የሚጽፈው እሱ፣ ሌላውን የሚያስጠናው እሱ። ዘፋኛችን ሃስኪንስ በየሬዲዮው የሚዘፍናቸው የማን ይመስሉሃል? ሸክላው ላይ ያለው ስም ግን የሃስኪንስ ነው። ሌስተር ከኋላ ቆሞ አረጀ።»

«አይዘፍንም ነበር?»

«ሰው ፊት? በፍጹም። ይንተባተብ ነበር እኮ።»

ክላረንስ ሃስኪንስ ራሱ ለልምምድ ሲመጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፤ እንደዚያ ረጅም ነው። ጊታሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የኔን ጊታር ማን አወጣው? ሌስተር? ሌስተር ምን ቤት ነው?»

«ዘፈኖቹ የሱ ናቸው ይባላል።»

«ማን አሳወቃቸው? እኔ! እሱ ቢዘፍናቸው ኖሮ እስከ ዛሬ የመጀመሪያዋን ቃል እየጀመረ ነበር!» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው ባለመኖሩ አቋረጠው።

«አሁን በየቤቱ የሚሰማው አዲሱ ዘፈን፣ ‹ስቴላ›ስ? ስቴላ ማን ናት?»

«ማንም። የቡና ቤት ሴት ናት። መጀመሪያ ‹ኤላ› ነበር የሚለው፤ የሞተች የሌስተር ልጅ ናት። ሳጅን፣ በሞተ ሕፃን ማን ይደንሳል? ስሟን ቀየርኩት፣ ትንሽ ዳሌ ጨመርኩላት፣ ሰው ወደደው። ምን አጠፋሁ?»

ፕሩት ወደ መኪናው ሄደ። ሉተር ፔቲስ የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር።

«ሃስኪንስን ትጠላዋለህ?»

«የማይጠላው ማነው? ግን ልግደለው ብል በፒያኖ ወንበር አናቱን ነበር የምለው። ሽቦ ምን አድካሚ ነገር ነው!»

«ያንን ብየዳ አይተኸዋል?»

«አሳይተውኛል። እንደዚያ መበየድ ብችል ፒያኖ ስጎረጉር እኖራለሁ? የኔን ማየት ከፈለግህ የቤዙን ማጉያ ክፈተው። የተላመጠ ማስቲካ ይመስላል፤ ሁሉም ይስቁብኛል።»

ፕሩት ከፈተው። እውነትም የተላመጠ ማስቲካ ይመስል ነበር።

የሌስተር ሚስት ቨርዲ ቦይኪን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኩሽናዋ ውስጥ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ፕሩት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ፖሊሱ ምን አለዎት?»

«መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ ያዘው አለኝ። ሞተ አለኝ። ሌላ አላለም፤ ወረደና ሄደ።»

«ትናንት ክለብ ሄደው ነበር?»

«ምሳውን ይዤለት ሄጄ ነበር። ጸጉር ቤት ነው አሉኝ። ትንሽ ጠብቄ ተመለስኩ።»

ጠረጴዛው ላይ ያረፉትን እጆቿን አያቸው። የጣቶቿ ጫፎች በትናንሽ የቃጠሎ ነጥቦች የተሞሉ ናቸው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሬዲዮ ፋብሪካ ነኝ፣ የሽቦ ብየዳ ክፍል። ስንሠራ የምንውለውን ሬዲዮ ስንሰማ እንውላለን። ስቴላ የሚሉትን እዚያ ነው የሰማሁት። ሴቶቹ ወገባቸውን እያወዛወዙ አብረው ሲዘፍኑ። ልጄን እኮ ነው ሳጅን። የኤላን ዘፈን። ቤት መጥቼ ለሌስተር ስነግረው ‹ተ-ተይው ቨርዲ፣ ዘፈን ነው› አለኝ። ዘፈን ነው!»

እሷ መስኮቱን እያየች ለራሷ የምትናገር ይመስል ቀጠለች።

«ሌስተር የሰው ጊታር የሚነካ ሰው አይደለም። የራሱን ቤዝ ይዞ ከኋላ ነው የሚቆመው። ማን ወደፊት ና አለው? ማን?»

ፕሩት እርሳሱን አቆመ። ምነው ይህን ባልሰማሁ ብሎ ተመኘ። ግን ሰምቶታል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክለቡ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሉተር ከሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ሃስኪንስ የመድረኩ ደረጃ ላይ፣ ሚስ ኦፓል ከመጠጥ ባንኮኒው ጀርባ፣ ቨርዲ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«መጀመሪያ የጠየቅሁት ሌስተርን ማን ሊገድለው ይፈልጋል ብዬ ነው። ጥያቄው ስህተት ነበር። ማጉያው የሃስኪንስ ነው፤ ጊታሩም ማይክሮፎኑም የሱ። ሌስተር ቤዙን ይዞ እስካለ ድረስ ያ ሽቦ አይነካውም። ወጥመዱ የተጠመደው ለሃስኪንስ ነው።»

ሃስኪንስ ከደረጃው ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ።

«ታዲያ ሌስተርን ወደዚያ ማን ወሰደው? ማንም። ማይክሮፎኑ ለሃስኪንስ ቁመት አልነበረም፤ ለአጭር ሰው ወርዷል። የጊታሩ ክሮች በአሮጌው የደቡብ ቅኝት ተቃኝተዋል። ይሄ ሳይቸኩል፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ሊዘፍን የቆመ ሰው ሥራ ነው። ሚስ ኦፓል፣ ጠዋት ‹ሰው ፊት አይዘፍንም› አሉኝ። ሰው በሌለበትስ?»

ሚስ ኦፓል ባንኮኒውን በጨርቅ ትጠርግ ጀመር፤ ንጹሕ ነበር።

«አሁኑኑ መናገር አለብኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አለብዎት።»

«በየቅዳሜው ጠዋት፣ እንደ ዛሬው፣ እየመጣ ይዘፍን ነበር» አለች። «ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ቀን ቀድሜ ስመጣ በሩ ላይ ሰማሁት። የኤላን ዘፈን፣ በስሟ፣ እሱ እንደጻፈው። ሲዘፍን አይንተባተብም። አንዴም አልተደናቀፈም። ሲያየኝ አፈረና ‹ለቨርዲ እንዳትነግሪያት፤ ታለቅሳለች› አለኝ።»

ፕሩት ቨርዲ ወዳለችበት በር ሳያይ ቀጠለ፤ ካየ የሚቀጥል አልመሰለውም።

«ብየዳው የሉተር አይደለም። የሉተር ሥራ እዚያ ማጉያ ውስጥ አለ፣ ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል። ይሄኛው ቀኑን ሙሉ ከመበየድ ሌላ ሥራ የሌለው እጅ የሠራው ነው። ሌስተር የሞተው የሰው ጊታር ይዞ መሆኑንም ከዚህ ክለብ ውጭ ማንም አልተነገረውም። አንድ ሰው ግን ሳልነግራት…»

«ይበቃሃል ሳጅን» አለች ቨርዲ።

ተነሥታ ቆማለች። ማንንም አላየችም፤ መድረኩን ብቻ ነው።

«ይሄ ልምምድ ሲጀምር ይነካዋል ብዬ ነው» አለች በአገጯ ወደ ሃስኪንስ እያሳየች። «ሌስተር ከኋላ ነው የሚቆመው። ከጋብቻችን ጀምሮ ከኋላ ነው የሚቆመው። እሱ ረስቷታል ብዬ ነበር። ዘፈን ነው ሲለኝ ጊዜ፣ ልጄን ረሳት ብዬ…»

ሃስኪንስ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «ቨርዲ፣ ስሙን አስተካክላለሁ። ነገውኑ። ሸክላው ላይ ሌስተር ቦይኪን ተብሎ…»

«ለማን?» አለችው።

ሃስኪንስ አንገቱን ደፋ።

የሉተርን ካቴና ሲፈቱለት የእጆቹን አንጓዎች እያሸ ወደ ፕሩት ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ አደጋ ነው በለው። ሽቦው በራሱ ለቀቀ በል። ማን ይጠይቅሃል?»

«የመቶ አለቃው። አደጋ ካልኩ ማምሻውን አንተን መልሶ ያስርሃል። ዛሬውኑ አንድ ሰው ይፈልጋል።»

«እና ሌላ ምንም መንገድ የለም?»

ፕሩት አሰበ። ከቨርዲ ቤት ደረጃ ሲወርድም፣ መኪናው ውስጥም ሲያስብ ነበር። «ምንም የለም» አለ።

ቨርዲ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ፕሩት ካቴናውን ከኪሱ አላወጣም፤ ክንዷን እንኳ አልያዛትም፤ ጎን ለጎን ሆነው ወጡ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ሰዎች የገበያ ዕቃቸውን ይዘው ያልፋሉ። የመኪናውን በር ሲከፍትላት ቆም አለች።

«ሌላ ዘመድ የለውም። ማን ይቀብረዋል?»

«ክለቡ ይቀብረዋል። ሚስ ኦፓል አለች፣ ሉተር አለ።»

«እኔስ? ለቀብሩ ቀን ይለቁኛል?»

«እጠይቃለሁ።»

ቨርዲ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። «እንደማይለቁኝ ታውቃለህ፣ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለ ፕሩት።

እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ ገባች።