በርሜሉ ብቻውን ይወጣል

ሎሳና ስልኩን ስታነሳ ልጇ ሚሪያማ እያለቀሰች አልነበረም።

«እማዬ፣ ፕሮፌሰር ክሮል ሞተዋል። ሊፍት ውስጥ ነው የተገኙት፤ ከኔ በርሜል ጋር» አለቻት። ድምፅዋ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚናገር ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ሎሳና ምድጃውን አጥፍታ በታውንስቪል ከተማ ወደብ አጠገብ ወዳለው የምርምር ተቋም ሄደች። መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ድስቱ ውስጥ ጥሬውን ስለቀረው ካሳቫ ብቻ ነበር። ሌላ ምንም ሊታሰባት አልቻለም።

ሚሪያማ ከደሴት አገሯ ከተማ ከሱቫ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ ስድስት ዓመት ከፕሮፌሰሩ ጋር የኮራልን፣ ባሕር ውስጥ ከዓለት ተጣብቆ የሚኖረውን ፍጥረት፣ ዘረመል ስታጠና ኖራለች። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ባሕሩ ሲሞቅ ሌላው ኮራል ነጥቶ ሲሞት፣ አንዳንዱ በምን ተለይቶ ይተርፋል? ናሙናዎቹ ምድር ቤት፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ይቀመጣሉ። ለሥራ ሲፈለግ ደግሞ ናይትሮጅኑ ባለ ጎማ በርሜል ውስጥ ተሞልቶ በሊፍት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ላቦራቶሪ ይወጣል። ፈሳሹ ሲተን አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፤ ጠባብ ቦታ ያለ ሰው ሳይታወቀው ይታፈናል። የበርሜሉ ኃላፊ ሚሪያማ ነበረች። ተቋሙ ማለዳውኑ ከሥራ አገዳት። ጥፋቱ የሷ ነው ከተባለ ክስ አለ፤ የሥራ ፈቃዷም ይሰረዛል።

መርማሪ ኖሪን ሃዶ አጭር፣ ደልዳላ ሴት ነበረች። ሎሳናን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታያት፣ «እናቷ ነዎት? ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ልጅዎ ሰው ትፈልጋለች» ብላ ወደ ሻይ ክፍሉ አስገባቻት። የምታነጋግራቸውንም ሰዎች እዚያው እየጠራች አነጋገረች። ሎሳና የልጇን እጅ ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ መልሶም አልያዛትም።

ሚሪያማ የተናገረችው ጥቂት ነው። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ በርሜሉ ሞልቶ ምድር ቤት ነበር። ፕሮፌሰሩም ቢሯቸው ነበሩ። ከዚያ በላይ ስትጠየቅ ጠረጴዛውን አየች።

ቀጥሎ ዶክተር ሩፐርት ጌል ገባ። የናሙናዎቹ ዘረመል በማሽን ተነብቦ ወደ ፊደል ሲለወጥ፣ ያንን ፊደል በኮምፒዩተር የሚያጠናው እሱ ነው። ሙቀት የሚያስችለውን ዘረመል አገኘሁ ብሎ አምና ተሸልሟል። ቀኝ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እኔ የኮምፒዩተር ሰው ነኝ፤ ናሙና ነክቼ አላውቅም» አለ። «ሰውየው እንደ ልማዳቸው በርሜሉን ይዘው ሊፍት ገቡ፣ ጋዙ አፈናቸው፣ አለቀ። በርሜሉን ሞልታ ሳትቆልፍ የሄደችው ማን እንደሆነች ደግሞ እዚሁ ተቀምጣለች።»

ሚሪያማ ቀና አላለችም። ሎሳና መናደድ እንደነበረባት ታወቃት፤ ንዴቱ ግን አልመጣም።

«እጅዎስ ምን ሆነ?» አለች ሃዶ።

«ቅዳሜ ቋሊማ ስጠብስ።»

መጨረሻ የገባችው የላቦራቶሪው ኃላፊ ዳፍኒ ናት። ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ሊፍቱን ከፍታ አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

«ሩፐርት?» አለች። «ባሕር ሲያይ የሚያቅለሸልሸው የኮራል ሊቅ ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ሲሠራ ምድር ቤት የወረደው መብራት የጠፋ ቀን ነው፤ እሱም ተሳስቶ።»

ሃዶ ፕሮፌሰሩ ሰሞኑን ምን ያሳስባቸው እንደነበር ጠየቀቻት። ዳፍኒ እንደነገረቻት፣ ሩፐርት የተሸለመበት ዘረመል የኮራሉ ሳይሆን በኮራሉ ውስጥ የሚኖረው የአልጌ፣ የጥቃቅኑ የውኃ ተክል፣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ፕሮፌሰሩ ጠርጥረው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች አውጥተው እንደገና ሊያስነብቡ ነበር። ጥርጣሬያቸው እውነት ከሆነ ግኝቱ ይሰረዛል።

«ሊፍቱ አጠገብ የተሰቀለው ሰንሰለት የምንድን ነው?» አለች ሃዶ።

«በርሜሉ ሲጓጓዝ በየፎቁ በሩን እንዘጋበታለን። ሰው እንዳይገባ።»

ሃዶ አስከሬኑ እጅ ላይ እንደነበሩት ያሉ ወፍራም ሰማያዊ የቅዝቃዜ ጓንቶች አስመጥታ አጠለቀችና የሻይ ማሽኑን ቁልፍ ተጫነች። ጣቷ ሦስቱን ቁልፍ አንድ ላይ ነካ፤ ማሽኑ ሾርባ ቀዳላት። ሾርባውን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያ ምድር ቤት ወርዳ ተመለሰችና ሁሉንም ሦስተኛ ፎቅ ሊፍቱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሊፍቱ ውስጥ የሞተ አንድም ሰው የለም» ብላ ጀመረች። «ምድር ቤት አየር ሲያንስ የሚጮህ ማንቂያ አለ። ተነቅሎ አገኘሁት። ሊፍት ውስጥ ለሚሞት ሰው የምድር ቤቱን ማንቂያ መንቀል ምን ያደርጋል? ፕሮፌሰሩ የሞቱት ታች፣ ናሙናውን ሊያወጡ በገቡበት ክፍል ነው። አንድ ሰው ማንቂያውን ነቀለ፣ ናይትሮጅኑን ወለሉ ላይ ገለበጠ፣ በሩን ከውጭ ይዞ ቆመ። አየሩ ሲመለስ አስከሬኑንና በርሜሉን ወደ ሊፍቱ ጎትቶ ላከ። ሥራ ላይ የነበሩ እንዲመስል ሁለቱንም ጓንት አጠለቀላቸው። በዚያ ጓንት ግን የሊፍቱን ትንሽ ቁልፍ መጫን አይቻልም። እኔ ሻይ እንኳ መቅዳት አልቻልኩም።»

ወደ ሚሪያማ ዞረች።

«ሚሪያማ፣ በርሜሉ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ሚሪያማ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ብቻውን ነው የሚወጣው። አንዱ ታች ሆኖ ይልካል፣ ሌላው ላይ ሆኖ ይቀበላል። አብሮት ማንም አይገባም።» ወደ ሊፍቱ ጠቆመች። «ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ፕሮፌሰሩ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ የነገሩኝ ይሄንን ነው።»

«ሚሪያማ ወይም ዳፍኒ አደጋ ማስመሰል ቢፈልጉ አስከሬኑን ምድር ቤት ይተዉት ነበር» አለች ሃዶ። «እዚያ ቢሆን ሁሉም ያምናል። ሊፍቱን የሚመርጠው ደንቡን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ‹እንደ ልማዳቸው በርሜሉን ይዘው ሊፍት ገቡ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። እንዲህ ያለ ልማድ እዚህ ቤት የለም።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«ማስረጃው ፋሻው ሥር ነው። በርሜሉን ሲገለብጡ ጓንት አላጠለቁም፤ የበረደው ብረት ቆዳ ይልጣል። ሐኪሙ ታች እየጠበቀ ነው፤ የእሳትንና የብርድን ቁስል ለይቶ ያውቃል።»

ሩፐርት መዳፉን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። «የስድስት ዓመት ሥራ» አለ በቀስታ። «አንድ ጠዋት ሊሰርዙት ነበር። አልጌ ነው ብለው።» ፖሊሶቹ በደረጃው ይዘውት ወረዱ።

ሃዶ ሎሳናን፣ «ልጅዎ ነፃ ናት፤ ለተቋሙም እነግራቸዋለሁ» አለቻት። ሎሳና አመሰገነች። ደስታው ግን ሩቅ ቦታ ያለ ነገር መሰላት።

ዳፍኒን ሰው ወደ ቤቷ ወሰዳት። ፖሊሶቹ ሊፍቱንና በርሜሉን ፈትሸውና አጽድተው ሲለቁ ሚሪያማ የላይኛው ማቀዝቀዣ ናይትሮጅኑ ሊያልቅ መሆኑን አየች። ካልተሞላ ለሥራ ወደ ላይ የወጣው የስድስት ዓመት ናሙና ይቀልጣል፤ ፕሮፌሰሩ እንደገና ሊያስነብቡት አስቀድመው ያወጡትም ጭምር።

«እማዬ፣ ሰው ያስፈልገኛል» አለች። «እዚህ ቁሚ። ሲከፈት ወደ ውስጥ አትግቢ፤ እጀታውን ይዘሽ ሳቢ ብቻ።»

ሚሪያማ በርሜሉን ልትሞላ በደረጃው ወረደች። ሎሳና ሰንሰለቱን በሩ ላይ ዘርግታ፣ ጓንቱን አጥልቃ ቆመች። የሊፍቱ ቁጥር አንድ አለ፣ ሁለት አለ። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

በሩ ተከፈተ። ውስጡ በርሜሉ ብቻ ነበር። ሰው አልነበረም።

ሎሳና እጀታውን ይዛ ሳበችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከታች ልጇ በደረጃው እየሮጠች ስትወጣ የእግሯ ድምፅ ይሰማት ነበር።