ስሙ የተቀየረው ዋይፋይ

«ተመስገን፣ በመጨረሻ መጡ!» አለ በሩን የከፈተው ተከራይ። «ሞደሙ ውስጥ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ኢንተርኔት የሚባል የለም።»

«እኔ የመጣሁት ለሟቹ ነው» አለች መርማሪዋ።

ተከራዩ የሚገባበት ጠፋው። እሷ ግን አልፈረደችበትም፤ ሰው ባይሞት ኖሮ ለእሷም የዕረፍት ቀኗ ነበር። እግሯን እየጎተተች ገባች።

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ናቸው። እንዲተነፍሱ የሚረዳቸው የኦክስጅን ማሽን አጠገባቸው ጠፍቶ ተገኝቷል። ቀድሟት የደረሰው ባልደረባዋ ነገሩን ጨርሶታል።

«አስታማሚዋ ልጃቸው ናት። ማጣሪያውን አጥባ፣ ማሽኑን ሳታበራ ተኛች። ይዣት ልሄድ ነው።»

ልጅቷ አልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ደም ለብሷል።

«አብርቼዋለሁ፣ እትዬ» አለች። «ግን በጣም ደክሞኝ ነበር። አሁን እኔም ራሴን አላምንም።»

«ያ ካሜራስ?» አለች መርማሪዋ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ወደተሰቀለው እየጠቆመች።

«ሌላ ክፍል ስሆን በስልኬ የማያቸው በሱ ነው። ጠዋት ስነሳ ከዋይፋዩ ጋር ጠፍቷል። ሞደሙን አጥፍቼ ባበራው እምቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ነው በአዲስ የቀየሩልን፤ ሠራተኛው እንዳንቸገር ብሎ የድሮውን ስምና ፓስወርድ ሞልቶልን ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ ማን መጣ?»

«ማንም። ወንድሜ እንኳ ከመጣ ወር አልፎታል። ዛሬም የመጣው ጠዋት ደጅ ወጥቼ ደውዬለት ነው።»

ወንድምየው ሳሎን ውስጥ አቀርቅሮ ነበር። «አባባ ክፍል አልገባሁም» አለ። «ማየት አልቻልኩም።» ኪሱ ውስጥ ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። «የሐዘን መልእክት ነው» ብሎ ድምፁን ዘጋው።

መርማሪዋ የራሷን ስልክ አየች። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ አይገባም። ወደ ሽማግሌው ክፍል ተመልሳ ሞደሙን ገለበጠችው።

«ሰው ሞቶ ሞደም ትጠግኛለሽ?» አላት ባልደረባዋ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«ሳሎን ሰብስባቸው» አለች።

ሦስቱም ተቀመጡ። እሷም ተቀመጠች፤ መቆም አቅቷት ነበር።

«ኢንተርኔቱ አልጠፋም። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የተቀየረው ስሙ ነው። ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው ከያዟት፣ ሞደም የተሞላለትን ሁሉ ይረሳና ከፋብሪካ ወደወጣበት ስምና ፓስወርድ ይመለሳል። ካሜራውም ስልኮቻችሁም የድሮውን ስም ሲፈልጉ አደሩ።»

«ገመዱን መንቀል አይቀልም?» አለ ተከራዩ።

«የተነቀለ ገመድ ነቃይ አለው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ማን ማንን ይጠረጥራል? የፋብሪካው ፓስወርድ ያለው ሞደሙ ሆድ ላይ ብቻ ነው፤ ሞደሙም ሟቹ ክፍል ነው። በሉ፣ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ፣ ድምፁን ከፍታችሁ።»

ባልደረባዋ ገብቶ ሞደሙን ነቀለና መልሶ ሰካው። ጠበቁ። የእህትየው ስልክ ዝም አለ። የተከራዩም ዝም አለ። የወንድምየው ግን በተጠራቀመ መልእክት ጮኸ።

«በሞባይል ዳታ ነው» አለ።

«እዚህ ቤት የሞባይል ኔትወርክ የለም።» ስልኩን አንስታ አሳየችው፤ የፋብሪካው ስም ስክሪኑ ላይ ነበር። «ይሄ ሞደም የገባው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አንተ ከመጣህ ደግሞ ወር አልፎሃል። ዛሬም ክፍሉን አልረገጥኩም ብለሃል። እንግዲያው የገባኸው ሌሊት ነው፣ በራስህ ቁልፍ፣ እህትህ ስትተኛ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ካሜራውን ካጠፋህ በኋላ ፓስወርዱን ስልክህ ላይ ምን አስሞላህ? አባትህ ማሽኑ እንደጠፋ ወዲያው አልሞቱም። መጠበቅ ነበረብህ። መጠበቁ ሰለቸህ።»

ሰውየው የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ደክሞኝ ነበር» አለ። «እሳቸው አይድኑ፣ ቤቱ አይሸጥ...»

«ጋሼ» አለች እህቱ። «አንተን ምን አደከመህ?»

የመርማሪዋ ባልደረባ ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ እህትየው ሶፋው ላይ ጋደም አለችና እስከ ማግስቱ ተኛች።