ጆሮውን ያላየው የፊት ሊቅ

ቀረብ ቀረብ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፣ ጋዙም እያለቀ ነው። የማወራችሁ ግን የሌሊት ነገር አይደለም። ሌሊትማ ሁሉም ይፈራል። የኔ ታሪክ የቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ከብቱ ሁሉ ዛፍ ሥር ሲጠጋ፣ ወንዝ ዳር ማንም ዝር በማይልበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሄደ። ለምን ሄደ? ስለተማረ ነዋ።

መክብብ ይባላል። ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። ምን ይማራል አትሉኝም? ፊት። አዎ፣ የሰው ፊት። ሌባ ካሜራ ላይ ሲቀረጽ፣ ያ ፊት የማን እንደሆነ ለፍርድ ቤት መመስከር። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ የጆሮውን ቅርጽ እያነጻጸሩ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው» ማለት። እናንተ ጎረቤታችሁን የምታውቁት በምንድን ነው? አይታችሁ አይደል? እሱ ለማየት ስድስት ዓመት ተማረ። ተምሮም አላየም።

አንገቱ ላይ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ያንጠለጥላል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ገቢ ወጪውን «ይሄ መንጋጋው ሰፊ ነው፣ ያኛው ዓይኑ የተራራቀ ነው» እያለ፣ ሰውን የፋሲካ በግ እንደሚገዛ ሰው ይገመግማል። ሰላምታ ግን አይሰጥም። ምን በወጣው።

አንድ ቀን ፖሊሶች ሁለት ፎቶ ይዘውለት መጡ። አንዱ ወርቅ ቤት ሲዘረፍ ካሜራ ያስቀረው ነው። ሁለተኛው ጓንጉል የሚባል ገበሬ ጉርድ ፎቶ ነው፣ ከመታወቂያው ላይ የተወሰደ። «እሱ ነው፣ ይዘነዋል። አንተ ጨርስልን» አሉት።

የሙያው ደንብ ምን ይላል መሰላችሁ? መጀመሪያ የካሜራውን ፎቶ ለብቻው እይ። ያየኸውን ጻፍ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ግለጥ። በመጨረሻም ሂድና ሰውየውን ራሱን እይ። ይህን ደንብ መክብብ ራሱ ለታናናሾቹ ያስተምረዋል፣ ያውም እየተቆጣ። ያን ቀን ግን ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ዘርግቶ ከምሳ በፊት ጨረሰው። «አንድ ሰው ናቸው፣ እርግጠኛ ነኝ» ብሎ ፈረመ።

አሁን ልብ በሉ። ጓንጉል ልጅ ሳለ ውሻ የግራ ጆሮውን ጫፍ ቦጭቆታል። አገር ያውቀዋል። የወረዳው ፎቶ ቤት ሰውዬ ግን ምን አደረገ? እንደ ልማዱ አሳመረው። ፎቶ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቁ የለ? ጠባሳ ያጠፋል፣ ጠይሙን ያቀላል፣ ኮት ያለብሳል። የጓንጉልንም ጆሮ ሞልቶ ሰጠው። ጓንጉልም «እንዲህ ቆንጆ ነኝ እንዴ?» ብሎ ስቆ ተቀበለ። እንግዲህ የካሜራው ሌባ ጆሮው ሙሉ፣ የፎቶው ጓንጉልም ጆሮው ሙሉ።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጓንጉል ጆሮውን እያሳየ «ጌቶቼ፣ እኔን እዩኝ እንጂ» አለ። ዳኛው ወደ መክብብ ዞሩ።

«ጆሮው ከዝርፊያው በኋላ የተቦጨቀ ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል» አለ መክብብ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ቀና ቢል ኖሮ የስንት ዓመት ቁስል መሆኑን ያይ ነበር። ቀና አላለም። ጓንጉል ተፈረደበት። በሁለተኛው ክረምት እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። ችሎቱን ቁጭ ብላ የሰማችው ሚስቱ አስካለ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ልጆቹ ውኃ ሲቀዱ «የሌባ ልጆች»፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ «የሌባ ልጆች»።

መክብብስ? መክብብ ይህን የመመረቂያ ጽሑፉ አራተኛ ምዕራፍ አደረገው። እንደ ጀብዱ። ዩኒቨርሲቲው «የሟቹን ፎቶ ለማውጣት የቤተሰብ ፊርማ አምጣ» ስላለው፣ ቅጹን በቦርሳው ይዞ ወደ ጓንጉል መንደር ወረደ። ልቅሶ ለመድረስ መሰላችሁ? ለፊርማ።

ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ አዩት።

«ልጄ፣ በቀትር በዚያ ወንዝ አይታለፍም። ጥላ ዘንበል እስኪል እኔ ዘንድ አረፍ በል።»

«አባባ፣ ጊዜ የለኝም። ጽሑፌን የማቀርበው ሰኞ ነው።»

ሰኞ! ሄደ ብቻውን።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ከፊቱ አንድ ሰው አየ። ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቧል። በዚያ ሙቀት። መክብብ ሲፈጥን ሰውየው ይፈጥናል፣ መክብብ ሲያዘግም ሰውየው ያዘግማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትመለሱ ነበር። እሱ ግን ከኋላ ሆኖ የትከሻውን ስፋት ይለካል።

ትንሽ እንደሄዱ ጋቢው ከግራ በኩል ሸርተት አለ። ጆሮ ታየ። ጫፍ የሌለው ጆሮ። የዳነ፣ የደረቀ፣ የድሮ ቁስል። ትንሽ እንደሄዱ ጉንጩ ታየ፣ የአፍንጫው አጥንት ታየ። ያን ፊት አርባ ሰባት ገጽ ጽፎበታል፣ እንዴት አያውቀውም? ያኔ ሰውየው ቆመና ዞረ።

«ከወረቀትህ ቀና አልክ?» አለው ጓንጉል።

መክብብ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«አልጣላህም። እየኝና የካሜራው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ጻፍልኝ። ለልጆቼ ነው። ወረቀትም ይዘሃል።»

አያችሁ፣ አንዲት መስመር ናት። አንዲት መስመር ጽፎ መሄድ ይችል ነበር። መክብብ ግን ምን አሰበ? ሰኞን አሰበ። አራተኛው ምዕራፍ ከፈረሰ ዲግሪው ሊቀር ነው። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በተማረ አፉ እንዲህ አለ፤

«ለመወሰን ብርሃኑ አይበቃም።»

ፀሐይ አናቱ ላይ ቆማ! ብርሃኑ አይበቃም ይላል! እንዲህ ያለ ሰው መናፍስትስ ቢፈርዱበት ይገርማል?

ጓንጉል አልተቆጣም። ቀረብ አለና መዳፉን መክብብ ግንባር ላይ አሳረፈ። የጉድጓድ ውኃ የመሰለ ቀዝቃዛ መዳፍ ነው። ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ እናት የልጇን ፊት እንደምትጠርግ፣ ቀስ አድርጎ ጠረገው። ከዚያ ማንም የለም። ወንዙ ብቻ።

መክብብ እየሮጠ አስካለ ደጅ ደረሰ። ልብሱን አስተካክሎ፣ እንደ ደህና ሰው፣ መታወቂያውን ዘረጋላት።

«እትዬ፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት።»

አስካለ ፎቶውን አየች። እሱን አየች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ግን እርስዎ አይደሉም።»

ስልኩን አወጣ። ስልኩ የሚከፈተው ፊቱን አይቶ ነው። አልከፈት አለው። በጥቁሩ መስታወት ራሱን ሲያይ ያየው ሌላ ሰው ነው። ልሙጥ። ጠባሳ የለው፣ መስመር የለው፣ ፎቶ ቤት ያጸዳው የመሰለ። መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሁሉንም ነገራት፣ ችሎቱንም፣ ወንዙንም።

አስካለ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ የፊርማውን ቅጽ ከቦርሳው አውጥታ ጀርባውን ገለበጠች።

«አሁን ጻፍ» አለችው።

ጻፈ። ጓንጉል ሌባ አልነበረም፣ ፊቱን ሳላይ መሰከርኩበት ብሎ ጻፈ። ያን ወረቀት በእሑድ የእድር ስብሰባ ላይ አስነበበችው። የእድሩ ሰዎች ወረቀቱን ያመጣው ማን እንደሆነ መታወቂያ አልጠየቁም። ድሮም ጓንጉልን ያውቁት ነበር፣ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያን ልጆች የሌባ ልጅ ያለ የለም።

መክብብስ ተመለሰለት? የት ተመልሶ። እናቱ በር ዘጋችበት። የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ መለሰው። መምህሩ ተጠሩ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ፎቶውን ለብቻው አይተው ጻፉ፣ ከዚያም ቀና ብለው ሰውየውን አዩ። «ይህ መክብብ አይደለም» ብለው ፈረሙ። ተሳሳቱ ትላላችሁ?

«እንግዲያው አንድ የሚያውቅህ ሰው አምጣ» አሉት። የሆነውን የምታውቅ አስካለ ብቻ ናት። እግሯ ላይ ወድቆ ለምኖ አመጣት። በሩ ላይ አቆሟትና «ይህ መክብብ ነው?» ብለው ጠየቋት።

አስካለ ፊት ለፊቱ ቆመች። ግንባሩን አየች፣ አፍንጫውን አየች፣ አገጩን ይዛ ጆሮውን አዙራ አየች። ብዙ ቆየች። ባሏን ማንም እንዲህ አላየላትም።

«ድምፁ ችሎት ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው» አለች። «ፊቱ ግን እሱ አይደለም። እኔ እርግጠኛ ሳልሆን አልፈርምም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ልጆቿ ሄደች።

ዛሬም በቀትር በዚያ መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ካለ፣ ልሙጥ ፊት ያለው አንድ ሰው ከኋላው ይደርስበታል ይባላል። መታወቂያ ይዘረጋል። «እየኝ፣ ይህ እኔ ነኝ?» ይላል። ብቻችሁን አትሂዱ። የግድ ሆኖባችሁ ከሄዳችሁም መታወቂያውን አትዩ። ቀና ብላችሁ እሱን እዩት። እዩትና ሩጡ።