እዚያው ሜሞሪ ካርድ ላይ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። የምሠራው ከስልክና ከካሜራ የጠፉ ፋይሎችን የምንመልስበት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው።

አንዲት እናት ሜሞሪ ካርድ በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። አምና የሞተችው ልጃቸው ፎቶዎች ነበሩበት። ቦታ ላስለቅቅ ብለው ራሳቸው አጥፍተዋቸዋል። ሌላ ቅጂ የለም።

«ይቺ ጣቴ ትቆረጥ» አሉ።

ስልክዎን በምን ሊከፍቱ ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

የሥራችን ሕግ አንድ ነው። የተገኘ ፋይል ተመልሶ እዚያው ካርድ ላይ አይቀመጥም። ከላይ ሲጻፍበት ከሥር ያለው ይጠፋል። አለቃዬ ሁሌ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ይተርበኛል።

የዚያን ቀን እሱ የለም። ማስቀመጫው ዲስክ ደግሞ ሞልቷል። እሱን እስካራግፍ ማን ይጠብቃል...

እዚያው ካርድ ላይ አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ። አገጯ ላይ ጠባሳ ያላት ወጣት፣ በቀጥታ ካሜራውን እያየች ትስቃለች።

እናትየው አለቀሱ። በሰባት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ነው ብለው የጠባሳውን ታሪክ አወሩኝ።

ሃያኛው ፎቶ ላይ፣

«አገጯን ምን ነክቷት ነው?» አሉ።

ሐዘን ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ስልሳኛው ላይ ለፎልደሩ ስሟን ጠየቅኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ... ምንም አልወጣም።

መቶኛው ላይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። በሹክሹክታ፣

«ቆንጆ ናት... የማን ልጅ ናት?»

«የርስዎ ናት እኮ፣ እማማ።»

«የኔ? እኔ አልወለድኩም፣ ልጄ።»

ማቆሚያውን ተጫንኩ። አልቆመም። ደግሜ ተጫንኩ...

ሲቆም ሦስት መቶ አስራ ሁለቱም ወጥተው አልቀው ነበር።

እናትየው መሐረባቸውን አጣጥፈው ተነሱ። ካርዱን ስዘረጋላቸው የኔ አይደለም አሉ። በስህተት ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ይቅርታ ጠይቀውኝ ወጡ። እርምጃቸው ኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሄደ።

ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ካሜራውን የምታይበት አንድም የለም። ሁሉም ላይ ፊቷን አዙራለች... እናትየው ወደወጡበት በር።

አትስቅም።

ዓይኔ ነው ብዬ ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ አዞርኩት።

አሁንም የምታየው... በሩን ነው።